የኖክሮ ዜሮዎች

ባለፈው መጋቢት ከደብሊን አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የተማረ ሰው ድምፅ ነው፤ ትሕትናዋም አያልቅም። ሀብታም በሚባሉት አገሮች ስንት እናት ልጇን ጡት እንደምታጠባ እያጠናች ነው። አየርላንድ ከጭራ እንደምትቆጠር ነገረችኝ። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ እናቶችንና ሕፃናትን ስጎበኝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የሰበካ ነርስ ነኝ፤ ይሄ ለኔ ወሬ አይደለም።

«የእናንተ ሰበካ ግን ግራ አጋባኝ» አለች። «ኖክሮ ከ1957 እስከ 1981 ድረስ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው የሚለው። አንዲት እንኳን ያጠባች እናት የለችም። እንዴት ነው ነገሩ?»

«መልሼ ልደውልልሽ» አልኳትና ዘጋሁት። ሻይ አፈላሁ፤ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ። ከእነዚያ ዜሮዎች አንዷ እኔ ነኝ። የ1968ቷ።

ዜሮዎቹን የጻፉት ነርስ አትራክታ ጊልዴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አርባ ዓመት የሰበካው ነርስ ነበሩ። ወፍራም ቡናማ ካፖርት፣ የወንድ ጫማ፣ አንድ በሯ በሲባጎ የታሰረ ትንሽ መኪና፤ ይኸው ነው ንብረታቸው። ባል አላገቡም። ሰው ሲጠይቃቸው «የዚህን አገር ወንድ ሁሉ ሲወለድ አይቼዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተሻሻለም» ይሉ ነበር። ክፉ አልነበሩም፤ አፋቸው ግን አያርፍም። የሰው ገበና ሲሆን ብቻ ጥርቅም ይላል።

ነርስ ጊልዴ አዲስ ሕፃን ያለበት ቤት ሲደርሱ ቶሎ አይገቡም ነበር። መኪናቸውን መንገዱ ዳር ያቆሙና መስኮቱን ዝቅ አድርገው የልብስ ማስጫውን ገመድ ያያሉ። ሰው ሲጋራ የሚያጨሱ ይመስለው ነበር። እሳቸው የሚያዩት የሽንት ጨርቆቹን ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ጨርቅ ላይ የሚቀረው እድፍ እንደ ሰናፍጭ ቢጫ ነው፤ ብታጥቢው ብታሺው አይለቅም፣ ፀሐይ ብቻ ነው የሚያነሳው። በኖክሮ ደግሞ ፀሐይ ለሠርግም አትወጣም። ጡጦ የሚጠጣ ልጅ ግን እድፉ ሌላ ነው፤ ደብዛዛ፣ የሸክላ አፈር የመሰለ። ነርስ ጊልዴ ከመንገድ ዳር ሆነው የቤቱን ጓዳ አንብበው ይጨርሳሉ።

ለምን ገብተው አይጠይቁም? ይጠይቃሉ እንጂ። ሻይ ይቀርባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ አማት እሳቱ ዳር ትቀመጣለች፣ ምራት ሕፃኑን ይዛ ትቆማለች። «ምን እየጠጣልሽ ነው?» ሲሏት ምራት ወደ አማቷ አየት ታደርግና «ጡጦ፣ ነርስ» ትላለች። በዚያን ጊዜ ማጥባት የድሃ ሥራ ነበር፤ የቆርቆሮ ወተት ግን ከከተማ ሱቅ ይገዛል፣ ቆርቆሮው መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። በዚያ ላይ መልሱ የሚጻፍባቸውን ካርዶች የምታስቀምጠው የሕክምና ጣቢያዋ ጸሐፊ የግማሹ ሰበካ የአክስት ልጅ ነበረች። ሰኞ የተጻፈ ነገር እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሰማል። ታዲያ ማን ሞኝ አለ እውነቱን የሚናገር?

እኛ ቤት ሦስት ሴቶች ነበርን። አባቴ እንግሊዝ አገር ሕንፃ ሲሠራ ይከርምና ለገና ብቻ ይመጣል። ቤቱን የምትገዛው የአባቴ እናት ዴሊያ ሞራን ናት፤ ናና እላት ነበር። እናቴ ኑላ ባሕሩ መሐል ካለችው ደሴት ነው ተዳርታ የመጣችው። ናና ይሄንን አንድ ቀን ረስታው አታውቅም። «የደሴት ሴት ልጇን እንደ በግ ሜዳ ላይ ነው የምታጠባ» ትላለች። ቀጥላም እኔን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ለእንግዳው ሁሉ የምትለው አላት፦ «ይቺን ያሳደጋት ይሄ እጅ ነው። በጡጦ። እናቷ አንድ ቀን ጡት አላቀመሰቻትም።»

እናቴ ሳፋዋን ታነሳና ወደ ጓሮ ትወጣለች። እንዲህ ያለ አመል ነበራት፤ ደህና ገመድ ከቤቱ ፊት ተዘርግቶ እያለ ጨርቋን ከበረቱ ኋላ፣ ቀይ አበባ በሚያወጣው የቁጥቋጦ አጥር ላይ ማስጣት ትወዳለች። ፎጣም ሆነ ካልሲ፣ እዚያ ነው። ነፋስ ወስዶት ጭቃ ውስጥ ስንቱን ለቅመናል። ናና «የደሴት አመል» ትላለች፤ እኔም ተከትዬ «የደሴት አመል» እል ነበር።

እኔ የናና ልጅ ነበርኩ። ስወድቅ ወደ ናና ነው የምሮጠው፣ የምተኛውም ከናና ጋር ነው። አንዴ ትኩሳት ይዞኝ እናቴ ወተት አሙቃ ብታመጣልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩባት። «ያኔ ያልሰጠሽኝን ዛሬ ምን ታመጪልኛለሽ» ብዬ ነው በልቤ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ጭራሽ በስሟ መጥራት ጀመርኩ። ኑላ አልኳት። «አቤት» አለችኝ፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ አቤት ባለች ቁጥር እኔ ነበርኩ የምናደደው።

ናና በ1988 አረፈች። እኔ ነርስነት ተማርኩና በ1993 እዚያው ሰበካ፣ ነርስ ጊልዴ ሥር ተመደብኩ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። አቤት ያ ጊዜ። ዛሬም ዝናብ ሲሸተኝ ያቺ መኪና ትመጣብኛለች፤ እርጥብ ካፖርት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የእሳቸው ማጉረምረም። ብዙ ጥሩ ቦታ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች መኪና የተማርኩበት ግን የለም።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ቤት ሄድን። አማትየው እሳቱ ዳር፣ ጥያቄው ተጠየቀ፣ መልሱ «ጡጦ» ሆነ። ነርስ ጊልዴ ካርዱ ላይ «ጡጦ» ብለው ጻፉ። ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር ብለው «ውሃ ጠጪ እሺ፣ ብዙ። የሚጠማሽ ትመስያለሽ» አሏት። ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

መኪናው ውስጥ ተነሳሁባቸው። «ገመዱን አይተውታል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ቢጫ ነው። ውሸት ነው እኮ የጻፉት።»

«የነገረችኝን ነው የጻፍኩት። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«እውነቱስ?»

«እውነቱ የሷ ገበና ነው» አሉ። «አየሽ፣ የጤና ቢሮው የሚፈልገው ቁጥር ነው። እሷ የምትፈልገው ልጇን ማጥባት ነው። አሁን እኔ 'ጡት' ብዬ ብጽፍ ቢሮው ቁጥሩን ያገኛል፣ እሷ ደግሞ አማቷን ታገኛለች። በሳምንቱ ጡቷ ይደርቃል። ያኔ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። ገባሽ?»

ግን ሌላም መዝገብ ነበራቸው። ከመኪናው መቀመጫ ሥር ሰማያዊ ደብተር ያወጣሉ፤ እዚያ ላይ የሚጽፉት ገመዱ ያለውን ነው። በየዓመቱ አንድ ደብተር። ማንም አይቶት አያውቅም። «ለማን ነው?» ብላቸው «እኔ እንዳላብድ» አሉኝ።

በዚያው ክረምት የድሮ ካርዶችን ሳስተካክል የራሴ እጄ ውስጥ ገባ። ኢታ ሞራን፣ ሰኔ 1968። አመጋገብ፦ ጡጦ። በነርስ ጊልዴ የእጅ ጽሑፍ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያወቅኩት ነገር ቢሆንም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ማን ግድ እንዳለኝ እንጃ፣ ወስጄ አሳየኋቸው።

«ይኸው» አልኩ። «ናና እውነቷን ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ወረቀት የሚያውቀው የተባለውን ነው።»

«የእኛስ ገመድ ምን ይል ነበር? ደብተሩ ላይ ይኖራል አይደል?»

«እናትሽን ጠይቂያት።»

«ምን ብዬ?»

«አፍ አለሽ አይደለም እንዴ? እኔ ላይ እንደምታወሪው ነዋ።»

አልጠየቅኩም። በየእሁዱ ምሳ እናቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ድንቹን እልጣለሁ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። ፈራሁ፤ እውነቱ እሱ ነው። «አዎ፣ አላጠባሁሽም» ብትለኝ ያንኑ ቁስል ዳግም መክፈት ነው። «አጥብቼሻለሁ» ብትለኝ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ያዞርኩባትን ፊት የት አደርገዋለሁ? ሁለቱም ስለከበደኝ ድንች መላጥ መረጥኩ። ደብተሩን ግን ተስፋ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ጡረታ ሲወጡ ይሰጡኛል፣ ማንንም ሳልጠይቅ አነበዋለሁ ብዬ።

ጡረታቸው ጥቅምት 1995 ላይ ደረሰ። የመጨረሻው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኬክ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ኩሽናው ሞቆ እንደ እቶን ሆኗል። የምድጃው ክዳን ተከፍቷል፣ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ደብተሮች ተከምረዋል፣ እሳቸው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ወደ እሳቱ ያስገባሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ፤ ኬኩን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

«የሰው ገበና ይዤ መቃብር አልገባም። ስሞት እነዚህን የሚያገኛቸው የወንድሜ ልጅ ነው፣ የሱን አፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

«የ1968ቱን ብቻ ያሳዩኝ። ከዚያ ያቃጥሉት።»

«አላሳይሽም።»

«ስለ ራሴ እኮ ነው፣ ነርስ ጊልዴ። መብቴ ነው።»

«ስላንቺ አንድ ቃል የለበትም። የተጻፈው ስለ እናትሽ ነው» አሉና ደብተሩን ከክምሩ መዝዘው አወጡት። ቁጥሩን በዓይኔ አየሁት። ከዚያ አስገቡት። አንድ ሐሳቤ እጄን እሳት ውስጥ መክተት ነበር፤ ሌላው እሳቸውን መግፋት። ሁለቱንም አላደረግኩም። ቆሜ እንባዬ ወረደ፤ በንዴት።

እሳቸው ክዳኑን ዘጉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ኬኬን ቆረሱ። ደጋግሜ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። ልወጣ ስል ብቻ፣ ካፖርቴን እያቀበሉኝ፣ እንደ ዘበት እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ መቼም የፊት ለፊቱን ገመድ አይቼ የምመለስ ሴት አልነበርኩም። የሁሉንም ቤት ኋላውንም እዞር ነበር።»

ግማሽ መንገድ ድረስ ልብ አላልኩትም። ከዚያ መኪናዬን አቆምኩ። ኋላውን። ከበረቱ ኋላ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዓይንም እንደዚያው ነው ለካ። የሰውን ገመድ ሁለት ዓመት ሳነብ፣ የእናቴን አጥር አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አይቼ አላየሁትም።

በማግስቱ እሁድ ስደርስ እናቴ ጓሮ ነበረች። ፎጣ አጥባ ሳፋዋን ይዛ ወደ በረቱ ኋላ እየሄደች ነው። ተከተልኳት።

«ገመዱ ባዶ ነው እኮ» አልኳት።

«ለምዶብኝ ነው።»

«ምን ስታሰጪ ነው የለመደብሽ?»

ፎጣውን እየጨመቀች ቆመች። ሳታየኝ «ነርስ ጊልዴ ነገሩሽ?» አለች።

«አልነገሩኝም። አቃጠሉት።»

«ጨዋ ሴት ናቸው» አለች። ከዚያ ፎጣውን አጥሩ ላይ አነጠፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አወራችኝ። «ናና ጠዋት ቅዳሴ ስትሄድ፣ ማታ ደግሞ ላሟን ላልብ ስወጣ፣ በሻሼ አዝዬሽ በረት እገባ ነበር። ላሟ አጠገብ ይሞቃል። ሰባት ወር አጠባሁሽ። ጨርቅሽን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ናና ጡጦ ትይዛለች እንጂ ያንን አትነካም። ቢጫዎቹን እዚህ አሰጣለሁ። ከፊት ለፊት ደግሞ አዲስ ያልተነኩ ነጫጭ ነበሩኝ፤ እነሱን በየቀኑ አርጥቤ እሰቅላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ንጹሕ ጨርቅ ሳጥብ ኖርኩ።»

«ጡጦውስ?»

«ናና ስትሰጥሽ ሁለት ጉንጭ ትስቢና ታንቀላፊያለሽ። 'የቀረውን እኔ ልጨርስላት' ብዬ እቀበላታለሁ።» የፎጣውን ጫፍ አስተካከለች። «ጥጃው ነው የጠጣው።»

«ጥጃው?»

«'ልጅቷ በሳምንት አንድ ቆርቆሮ ትጨርሳለች' እያለች ለሰው ስታወራ እኔ ጥጃውን ነበር የማየው። የዚያን ዓመት ገበያ ላይ እንደሱ የወዛ ጥጃ አልወጣም። ናና ራሷ 'ምን አበላሽው?' ብላኛለች።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። መሳቁን ሳልጨርስ ለቅሶ መጣብኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? በየሰው ፊት ስታዋርድሽ፣ እኔ ፊቴን ሳዞርብሽ፣ ለምን አንድ ቀን አልተናገርሽም?»

ሳፋውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «ናና ከአባትሽ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻት። ኦና ትባላለች። በ1934ቱ ክረምት ቤት ውስጥ የሚቀመስ ጠፍቶ ጡቷ ደረቀባት። ሕፃኗ እዚያው እጇ ላይ አለቀች። ይሄንን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፤ አንቺ የተወለድሽ ዕለት። ነገረችኝና በእግሯ ከተማ ሄዳ ቆርቆሮውን ተሸክማ መጣች። አንቺ ስትወፍሪ ባየች ቁጥር ኦናን ያሳደገች ነበር የሚመስላት። እኔ ምን ልበላት? ያሳደግሽው ጥጃ ነው ልበላት?»

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«አንቺ ጡቱን አግኝተሻል» አለች። «እኔም አንቺን አግኝቻለሁ። እሷ ምን ነበራት?»

ነፋሱ ፎጣውን አንስቶ ሊወስደው ሲል ሁለታችንም ያዝነው። እጇ እጄ ላይ ነበር። «በስሜ ስትጠሪኝ ግን» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱ ያመኝ ነበር።»

«እማ» አልኳት። እሷም እንደ ድሮው «አቤት» አለችኝ፤ የዚያን ቀን አልተናደድኩም።

እናቴ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ነርስ ጊልዴ ቀድመዋታል። አሁን ገመድ የሚባል ነገር የለም፤ ጨርቁ ሁሉ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፣ ልብሱም ማሽን ውስጥ ይደርቃል፣ ጥያቄውም ኮምፒውተር ላይ ነው። ማጥባትም መከበሪያ ሆኗል። አሁን ደግሞ ጡጦ የምትሰጠው ናት የምትደብቀው፤ ቦርሳዋ ሥር ከትታ። አንዳንዴ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ የሰው ቤት ፊት አያለሁ፤ ምንም አይናገርም። ያ ሁሉ ሰናፍጭ ቢጫ፣ ያ ነፋስ፣ ነርስ ጊልዴ በመኪናቸው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፤ ናፍቆኛል።

ለደብሊኗ ልጅ በሦስተኛው ቀን ደወልኩላት። «የኖክሮ ጥያቄ የተጠየቀው ኩሽና ውስጥ፣ አማት እሳት ዳር ተቀምጣ ነው» አልኳት። «ይሄንን ከዜሮዎቹ ሥር ጻፊ።»

«እንግዲያው የሚያጠቡ ነበሩ ማለት ነው? ስንት ይሆናሉ?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ። የሚያውቀው ደብተር ተቃጥሏል።»

«አንድ እንኳን እርግጠኛ የሆኑባት የለችም? አንድ ካገኘሁ አንዱን ዜሮ ማረም እችላለሁ።»

የራሴ የ1968ቱ ካርድ ፊቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ካወራን በኋላ በነበረው ሰኞ ላርመው ብዕር አንስቼበት ነበር። «ጡጦ» የሚለውን ልሰርዝ፣ «ጡት፣ ሰባት ወር» ብዬ ልጽፍ። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ናናን አሰብኳት፤ ከከተማ በእግሯ ቆርቆሮ ተሸክማ ስትመጣ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ጣቢያው ሲዘጋና የድሮ ካርዶቹ ሲጣሉ ያንን ብቻ ቤቴ አመጣሁት።

«የለችም» አልኳት ልጅቷን።

የ1968ቱ ዜሮ እንዳለ ነው። ለናና ተውኩላት።